የጋራ ውርስ ለተኳረፉ እህትማማቾች፦ ይቆይ፣ ይከፈል ወይስ ይሸጥ?

እኔና ታላቅ እህቴ ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈን ኖረናል። ጠቡ የተነሣው በአባታችን ተዝካር ነው፤ ድንኳኑን ማን ከፈለ፣ በሬውን ማን ገዛ፣ ከአሜሪካ ስንት ተላከ በሚል። ከዚያ ወዲህ ወሬያችንን የምንሰማው በሰው አፍ ነበር። አምና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ብቻዋን ትኖር የነበረችው አክስታችን አረፈች። አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ኑዛዜም አልተወችም። ወላጆቿ ቀድመዋታል፤ ወንድሟ አባታችን ብቻ ነበር። ሠልስቱ ወጥቶ የእድሩ ዳኛ "እንግዲህ ቤቱ የሁለታችሁ ነው" ሲሉኝ ከቤቱ ይልቅ "የሁለታችሁ" ያሉት ነገር አስደነገጠኝ።

እህቴን ማስደወል ግድ ሆነ። ደወለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሰማኋት የመጀመሪያ ቃል "ለመሆኑ ጣሪያው ያፈሳል?" የሚል ነው። ያፈሳል። እሱን ስናወራ ሃያ ደቂቃ ሄደ፤ ስለሌላው ነገር አላነሣንም።

ከዚያ በኋላ ጠበቃ ጠየቅሁ፣ ሽማግሌ ሰማሁ፣ ከደላላ ጋርም ዞርኩ። ሁሉም አማራጮቹን የሚያወዳድሩልኝ በብር ነው። እኔ አንድ መለኪያ ጨመርኩበት፦ ይህ ምርጫ ወደፊት ስንት ጊዜ አብረን እንድንፈርም ያስገድደናል? ለሚዋደዱ እህትማማቾች ይህ ከቁም ነገር አይገባም። ለተኳረፉ ግን ከዋጋው እኩል ይመዝናል። ከዚህ በታች ያለውን ያወዳደርኩት በሁለቱም ነው።

ማወዳደር ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ሟች በእውነት የነበራት ምንድን ነው? ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ቤት ሁሉ የእሷ አይደለም። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ኪራይ ስለሆነ እንደ ንብረት አይወረስም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ ዕዳው ከቤቱ ጋር ይመጣል። የግል ቤት ከሆነ ካርታውን አውጡና ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ) የሚለውን እዩ። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የማይሸጥ ስለሆነ የምትወርሱት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው፤ የዚያ መብት ዓይነት ደግሞ ወደ ታች እንደምታዩት ዋጋ ይለውጣል።

ቀጥሎ የወራሽነት ማስረጃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው፤ የሞት ማስረጃ፣ የዝምድና ማስረጃና ምስክሮች ይጠየቃሉ፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ብዙ ጊዜ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይጠራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን በእኩል ያወርሳል። ሟች ልጅ ከሌለው ውርሱ ወደ ወላጆቹ ይወጣል፤ እነሱም ከሌሉ የእነሱ ተወላጆች ይተካሉ። እኔና እህቴ የአክስታችን ወራሽ የሆንነው በዚህ መንገድ፣ በአባታችን ምትክ ነው። የአክስታችሁን እናት ወይም አባት ብቻ የሚጋራ ሌላ ወንድም ወይም እህት ካለ ድርሻ ስላለው ሳትጠይቁ አትለፉ።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ እኔም ተፈትኜበታለሁ። ውጭ አገር ያለችውን፣ የማታናግሩትን እህት "የለችም" ማለት። ምስክር አይጠፋም፣ ማንም አያውቅም ይባላል። ማስረጃው ግን በተቃዋሚ ጥያቄ ይሰረዛል፣ በሐሰት የመሰከረውም ጎረቤት ይጠየቃል። የውጭ ዜግነት መውሰዷም ወራሽነቷን አያስቀርም፤ ሕጉ የወራሹ ጾታ፣ ዕድሜና ዜግነት ለውጥ አያመጣም ይላል።

የተተወችዋ እህት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ቀኑን ቁጠሩ። መብታችሁንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው ያላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የወራሽነት ክስ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ሊዘጋ ይችላል። "እሷ ትደውል" ብላችሁ አምስት ዓመት የምትጠብቁ ከሆነ ኩርፊያ ይርጋ አያቆምም።

እንዳለ ይቆይ

ማንም ሳይመርጠው የሚመረጠው ይህ ነው። ቁልፉ አንዷ ዘንድ ይቀመጣል፣ "በኋላ እናያለን" ይባላል።

ወጪው ትንሽ ይመስላል፤ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የቆጣሪ ክፍያ፣ ምናልባት ዘበኛ። ችግሩ ስሙ ላይ ነው። ካርታው በሟች ስም እስካለ ድረስ ቤቱን ማስያዝ፣ ማደስ፣ መሸጥ ሁሉ ይታሰራል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አራት ኪሎ በኮሪደር ልማት ሲነሡ እንዳየነው ሰፈር በአጭር ጊዜ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ ለካሳና ለምትክ የሚጠራው በካርታው ላይ ያለው ስም ነው። ስለዚህ ቤቱን ለማቆየት ብትወስኑ እንኳ ስሙን በሁለታችሁ ስም አዛውሩ። ይህን ሁለት ፊርማ የሚጠይቅ ሥራ ማናቸውም ምርጫ ቢመረጥ አታመልጡትም።

ሌላው ነገር፣ "ይቆይ" የሚለው ስምምነት የሚጸናው ሁለታችሁ እስከፈለጋችሁት ብቻ ነው። ከወራሾች አንዱ በማንኛውም ጊዜ ክፍፍል መጠየቅ ይችላል። ቤቱን ለማቆየት የምትከራከረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የምትኖረዋ ናት፤ ያለ ኪራይ ማለት ነው። እህቷ ይህን እንደማታስተውል ካሰበች ተሳስታለች።

ይህን የምመክረው ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ሐዘኑ እስኪበርድ፣ መጨረሻ ቀኑም በጽሑፍ ተቀምጦ ነው።

ግቢውን ለሁለት መክፈል

ከሽማግሌዎች ሁሉ አፍ የሚወጣው ይህ ነው፤ "አጥር አድርጉበትና ሁለታችሁም ያዙ"። ለገጠር ሰፊ ግቢ ያምራል። የአክስታችን ግቢ 230 ካሬ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ መጸዳጃ፣ ከፊት ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከጀርባ ሁለት ሰርቪስ። አጥሩን በየት በኩል ብታስገቡት የኋለኛዋ መግቢያ የላትም።

አጥር ማጠር አንድ ነገር ነው፣ ካርታ መክፈል ሌላ። ካርታው ለሁለት እንዲከፈል ክፍለ ከተማው እያንዳንዱ ቁራሽ የሰፈሩን ዝቅተኛ የቦታ መጠን ማሟላቱንና የራሱ መውጫ እንዳለው ያያል። ካላሟላ አጥሩ የእናንተ ስምምነት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በወረቀት ግን እስከ ልጅ ልጅ የጋራ ባለይዞታ ናችሁ። ስለዚህ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ካርታውን ይዛችሁ ክፍለ ከተማ ሂዱ። እኔ ሄጄ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ተመለስኩ።

ቢሳካም እንኳ እህትሽን ጎረቤት ታደርጊያታለሽ። ውኃው በማን በኩል ይፈሳል፣ ዛፉ የማን ነው፤ የአባቴ ሰፈር ጠብ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልቀው።

አንዷ የሌላዋን ድርሻ ትግዛ

ገንዘብ ላላቸው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። ቤቱ ከቤተሰብ አይወጣም፤ ከተፈረመ በኋላም መጠያየቅ ያበቃል። ግን ሦስት ቦታ ላይ ይሰበራል።

አንደኛው ዋጋ ነው። አክስቴን ሳስታምም የከረምኩት እኔ ስለሆንኩ ቅናሽ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር። ጠበቃው ፊቴን እያየ "ሕጉ የሚቆጥረው ያስታመመችውን አይደለም፣ የተወለደችውን ነው" አለኝ። እህቴ ደግሞ በዶላር እያሰበች የምታውቀው የቦሌን ዋጋ ነው። ከዚህ ለመውጣት አንዱ መንገድ ሁለት ገማች መቅጠርና አማካዩን መያዝ ነው። ሌላው ልጆች ዳቦ ሲካፈሉ የሚያደርጉት ነው፤ አንዱ ይቆርሳል ሌላው ይመርጣል። አንዷ የግማሹን ዋጋ ትጥራ፣ ሌላዋ በዚያው ዋጋ መግዛት ወይም መሸጥ ትምረጥ። የጠራችው ዋጋ በእሷም ላይ ሊመለስ ስለሚችል አታበዛም፣ አታሳንስም። ሁለቱም መግዣ ገንዘብ ካላቸው ግሩም ነው። አንዷ ባዶ እጇን ከሆነች ግን ባለገንዘቧ ዝቅ አድርጋ ጠርታ ቤቱን እንድትወስድ መንገድ መክፈት ነው፤ በእኛ ላይ ያልተጠቀምንበትም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አከፋፈሉ ነው። "በየወሩ እከፍልሻለሁ" የሚባል ነገር ለተኳረፉ እህትማማቾች አይሁን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከዚያ በፊት ድርሻዋን በብር በረጅም ክፍያ የሸጠች ውጭ የምትኖር እህት ምን እንደደረሳት አስቡት። ገዢዋ አልዋሸችም፣ አላጠፋችም፤ ሻጯ ግን ተሸወድኩ ትላለች። መክፈል በአንድ ጊዜ፣ ካልሆነም በሁለት ጊዜ ይለቅ። ከባንክ ለመበደር ካሰባችሁ ባንኩ ቤቱን በመያዣ የሚቀበለው ስሙ ከዞረ በኋላ መሆኑን አትርሱ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩን ወደ ሊዝ ያስገባዋል። በውርስ የመጣ ነባር ይዞታ ግን ነባር እንደሆነ ይቀጥላል። እንግዲህ የእናንተ ወረቀት "የውርስ ክፍፍል" ይባል ወይስ "ሽያጭ"? ርዕሱ ብቻ ሳይሆን ግብሩና ስም የሚዞርበት መንገድ ሊለያይ ስለሚችል ውሉ ከመጻፉ በፊት ይዞታ ክፍሉንም ውልና ማስረጃንም ጠይቁ። ደላላው ያዘጋጀላችሁን ፎርም ሞልታችሁ አትሂዱ።

መሸጥና ብሩን መካፈል

ሁለታችሁም ሌላዋን መግዛት ካልቻላችሁ፣ ወይም ማናችሁም እዚያ መኖር ካልፈለጋችሁ ይህ ነው ንጹሑ። ከፊርማው በኋላ እንደገና መገናኘት የምትሹ ከሆነ ስለፈለጋችሁ ብቻ ነው።

ሽያጭ በስምምነትም በሐራጅም ይሆናል። ስምምነት ጠፍቶ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ ቤቱም በአካል የማይከፈል ከሆነ፣ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል። ሐራጅ ላይ የሚመጡት ተጫራቾች ወራሾች መጣላታቸውን ያውቃሉ፤ የሚያቀርቡትም ዋጋ ያንን ያሳያል። የጠበቃውንና የዳኝነቱን ወጪ፣ የሚፈጀውንም ጊዜ ጨምሩበት። "ፍርድ ቤት ይለየን" የምትል እህት ብዙ ጊዜ የምትለው ብሩን አስባ አይደለም፣ ሌላዋን ለማሸነፍ ነው። ክፍያው ግን ከሁለቱም ኪስ ይወጣል።

በስምምነት ስትሸጡ ደላላው አብዛኛውን ጊዜ 2 በመቶ ይጠይቃል። ለስም ዝውውር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ በሽያጭ ትርፍ ላይ ደግሞ በገቢ ግብር አዋጁ 15 በመቶ ግብር ሊታሰብ ይችላል። የነባር ይዞታ ገዢ ወደ ሊዝ እንደሚገባ ስለሚያውቅ ከዋጋው ይቀንሳል፤ ይህን በግምታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ደላላው ሌላ ነገርም ይነግራችኋል፤ "ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው"። ሕገ ወጥ መሆኑ ይታወቃል። ለእናንተ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሜሪላንድ የተቀመጠች እህት የሚደርሳት ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር እውነተኛው አይደለም፤ እውነተኛውን የምትሰማው በእናንተ አፍ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያላመነቻችሁ ሰው በዚያ ቀን ትመናችሁ? የሚያስገኘው ቅናሽ ሌላ ዘጠኝ ዓመት መኳረፍን አያካክስም። እኛ የተጻፈው የተከፈለው ብቻ ይሁን ብለን ሁለት ገዢ አምልጦናል።

ሲፒኦው (ባንክ በተቀባዩ ስም የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ሁለት ይሁን። ገዢው የእሷን ግማሽ በእሷ ስም፣ የእኔን በእኔ ስም ያሠራል። "አንዷ ሂሳብ ውስጥ ይግባና ታስተላልፋለች" አትበሉ፤ በመካከሉ ሦስት ቀን ባንክ ቢዘገይ የሚታሰበው ሌላ ነው።

ማከራየት

ከሁሉ በላይ አብሮ መሥራትን የሚጠይቀው ይህ ነው። በየወሩ ገንዘብ፣ በየክረምቱ ጣሪያ፣ በየዓመቱ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ጭማሪውም በዘፈቀደ አይደለም። ለተከራይ ጥሩ ነው። ለእናንተ ግን አንድ ጊዜ ካከራያችሁ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሐሳብ መለወጥ ይከብዳል ማለት ነው። ሰርቪሱ ላይ ቀድሞ ተከራይ ካለም ቤቱን ከነተከራዩ ነው የወረሳችሁት፤ የአክስታችን ተከራዮች "እስከ ፋሲካ" ብለው የነበረው ወደ ነሐሴ ሄደ።

እንዲህም ሆኖ ኪራዩ ለአንዷ ብቻ መተዳደሪያ ከሆነ፣ ሌላዋም ይህን አምና ከተቀበለች ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ግን ስሙን "ኪራይ" አትበሉት፤ ስጦታ ነው፣ እንደ ስጦታ ይነገር።

ውክልና

ከእህትማማቾቹ አንዷ ውጭ አገር ካለች ሁሉም ነገር በውክልና ነው የሚሄደው። የሚሠራው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አይበቃም፤ "ይሽጥልኝ" የሚለው በግልጽ መጻፍ አለበት። የውጭ ዜግነት የወሰደች እህት ቢጫ ካርድ (በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላት በማይንቀሳቀስ ንብረት ረገድ እንደ ባዕድ አትታይም፤ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ቀድማ ታሳድሰው።

ለማን ትስጥ? ሁሉም "ለእህትሽ" ይላል። እኔ ራሴ "ለእኔ አትስጪ" አልኳት። ነገር ቢበላሽ ሁልጊዜ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ለአባታችን የክርስትና ልጅ ሰጠችው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ሽያጭ፣ ከዚህ ዋጋ በታች አይሁን ተብሎ ተጽፎ። ስልክ ስደውልለት ሁለታችንንም እኩል ይሰለቸናል፤ ጥሩ ወኪል እንዲህ ነው።

ሒሳብና ሽማግሌ

ሽማግሌ ለጠቡ፣ ጠበቃ ለቤቱ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ሽማግሌ ፊት በታረቃችሁበት ስሜት የተስማማችሁት ክፍፍል በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ካልጸደቀ ነገ መሟገቻ ነው።

ወጪ ስትተሳሰቡ ሕጉ ቅደም ተከተል አለው፤ ከውርሱ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ። የተዝካር ወጪ ግን እንደ ቀብር ወጪ አይቆጠርም። ጠበቃው ይህን ሲያነብልኝ ሳቄ መጣ። ዘጠኝ ዓመት የተኳረፍንበት የድንኳንና የበሬ ሒሳብ፣ ሕጉ ከውርስ ላይ ቆርጣችሁ ተከፋፈሉ የማይለው፣ ያወጣ ሰው በራሱ ፈቃድ ያወጣው ገንዘብ ነው። ለእህቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "በሬው እኮ ከሲታ ነበር" አለች።

ዕቃው

ቤቱ ከተወሰነ በኋላ ቀላል የሚመስለው ይቀራል፤ ሳጥኑ፣ ረከቦቱ፣ የወርቅ መስቀሉ፣ የግድግዳ ሰዓቱ። ገማች አይመጣለትም፣ እንደ ቤቱ ካርታም የለው። ከብዙ ቤት የሰማሁት እውነተኛው ጠብ እዚህ ነው። እኛ በቪዲዮ ስልክ እያንዳንዱን ዕቃ አሳየኋት፣ በወረቀት ዘረዘርነው፣ ተራ በተራ መረጥን፤ መጀመሪያ ማን ይምረጥ የሚለውን በዕጣ። እሷ ሙቀጫውን መረጠች። ሻንጣ ውስጥ እንዴት እንደምታስገባው አላውቅም። እኔ ሳጥኑን ወሰድኩ። የወርቁን ነገር ግን በወርቅ ቤት አስመዝናችሁ፣ ክብደቱን ጽፋችሁ ተካፈሉ፤ በዓይን አይገመትም።

እኛ የመረጥነው ሽያጩን ነው። ውሉ ጥቅምት ላይ ተፈረመ፣ ሲፒኦው ሁለት ሆኖ ወጣ፣ ቁልፉን ለገዢው ሰጠሁ። ከዝርዝሩ የቀረው የፎቶ አልበሙ ብቻ ነው። የእሷ ተራ ደርሶ ዘለለችው፤ የእኔ ሲደርስ እኔም ዘለልኩት። አሁን ጎረቤታችን እማማ ዘንድ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለጥምቀት እመጣለሁ ብላለች።